5 ጊጋኸርዝ ላይ 6 ሜጋቢት ለምን 24 ሆነ?

ለአንድ ዋየርለስ ቺፕ የሊኑክስ ድራይቨር (ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እየጻፈ ያለ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ቻናሉን በቁጥሩ፣ ፍጥነቱን በሙሉ ሜጋቢት ይዤ ኢንተርፌሱን ሠራሁት። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሰላም ነው። 5 ላይ ግን በ6 ሜጋቢት የመጣው ፍሬም (በአየር የሚላክ የመረጃ ጥቅል) 24 ተብሎ ይመዘገባል፤ ከ24 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ መልሱ አለ። 2.4 ላይ 12 መነሻ ፍጥነቶች አሉህ፦ 1፣ 2፣ 5.5፣ 11፣ ቀጥሎ ከ6 እስከ 54 ያሉት ስምንቱ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሉም። አንተ ግን ለሁለቱም ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) የምትመልሰው ከ12ቱ ዝርዝር የተቆጠረውን ኢንዴክስ (ተራ ቁጥር) ነው። ከ0 ስንቆጥር፣ በረጅሙ ዝርዝር ኢንዴክስ 4 ማለት 6 ሜጋቢት ነው፤ በአጭሩ 24። ረጅሙ 24ን የሚያገኘው 8 ላይ ነው፤ አጭሩ ደግሞ 7 ላይ ያበቃል። ከድራይቨሩ በላይ ያለው ክፍል የሌለ ኢንዴክስ ሲደርሰው ፍሬሙን ይጥለዋል። 5 ላይ ከኢንዴክሱ 4 ቀንስ፣ ለጊዜው ይስተካከላል።

ግን እዚያ ላይ አትተወው። ለየባንዱ የራሱን የቻናልና የፍጥነት ዝርዝር ስጠው። ፍጥነቱን በ100 ኪሎቢት መለኪያ ያዘው፤ ሊኑክስም የሚይዘው እንደዚያ ነው። 5.5 የሚለው 55 ይሆናል። በሙሉ ሜጋቢት ከያዝከው ግማሹን የት ታደርገዋለህ?

ከፍጥነቱ ጎን ቺፑ የሚፈልገውን ኮድ ለብቻው አስቀምጥ። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ብዙ ቺፖች የሚቀበሉት ፍሬሙ ራስጌ ላይ የሚጻፈውን ኮድ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅደም ተከተል አያውቅም። 6 ሜጋቢት 11 ነው፣ 9 ሜጋቢት 15፣ 48 ሜጋቢት 8፣ 54 ሜጋቢት 12። ኮዱን እንደ ፍጥነት የሚያወዳድር ድራይቨር አጋጥሞኝ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ 9 ከ54 ይበልጣል ብሎ ሁልጊዜ 9ን ይመርጥ ነበር። ኮዱን ከድራይቨርህ ውጭ ማንም አይተርጉመው።

ቻናሉን በመካከለኛ ፍሪኩዌንሲው ለየው፣ በሜጋኸርዝ። ቻናል 1 በ2.4 ባንድ 2412 ነው፤ በ6 ጊጋኸርዝ ባንድም ቻናል 1 አለ፣ እሱ 5955 ነው። በአምስት አምስት እያባዛሁ አሰላዋለሁ ካልክም ቻናል 14 ያሳስትሃል፤ 13 የሚውለው 2472 ላይ ሲሆን 14 ግን 2484 ላይ ነው።

አዲሶቹን የኤምሲኤስ ፍጥነቶች (የሞጁሌሽንና የኮዲንግ ዓይነታቸው በአንድ ቁጥር የሚገለጸውን) እዚህ ዝርዝር ውስጥ አትጨምራቸው። ኤምሲኤስ 3 በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ በረጅሙ ጋርድ ኢንተርቫል (በሚላኩት ሲግናሎች መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት)፣ 54 ሜጋቢት ይሰጣል። ከድሮው 54 በምን ትለየዋለህ? የኤምሲኤስ ቁጥሩን፣ ስፋቱንና ጋርድ ኢንተርቫሉን ለየብቻ አሳልፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቻናል ዝርዝሩን ለሁሉም ካርድ አንድ የጋራ አታድርገው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የአገሩን የሬዲዮ ደንብ ተከትሎ ምልክት የሚጽፈው እዚያው ዝርዝር ላይ ነው፤ ሁለት ካርድ ከተሰካ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋል። ካርዱ ሥራ ሲጀምር ለእሱ የተለየ ቅጂ አዘጋጅለት።

ስትጨርስ 5 ጊጋኸርዝ ላይ የሚመጡትን ቢኮኖች (ራውተሩ መኖሩን የሚያሳውቅባቸውን ፍሬሞች) አዳምጥ። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሜጋቢት ነው የሚላኩት፤ አሁንም 24 ካየህ ቅነሳውን የረሳህበት ቦታ አለ።