ስለ ሳንዲ ኩፋክስ የጠየቃችሁኝ

ስለ ቤዝቦል ሳወራ ብዙዎቻችሁ ስለ ግራኙ ፒቸር ሳንዲ ኩፋክስ ጠይቃችኋል። የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። ፒቸር ሥራው ምንድን ነው?

ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው እሱ ነው። በመሃላቸው 18.44 ሜትር አለ። መቺው ዱላ ይዞ ይጠብቃል፣ ፒቸሩ ሳያስመታ ሊያሳልፍ ይታገላል።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያውም ጎበዝ ነበር?

ኧረ በጭራሽ! በ1955 በ19 ዓመቱ ለብሩክሊን ዶጀርስ መጫወት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት 36 ጨዋታ አሸንፎ 40 ተሸነፈ። ጉልበት ሞልቶታል፣ ኳሷ ግን አትታዘዘውም። የ1960 ውድድር ሲያልቅ ተስፋ ቆርጦ የመጫወቻ ዕቃውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎት ሄደ። አንስቶ ያስቀመጠለት የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ኖቤ ካዋኖ ነው። በ1961 የዝግጅት ጨዋታ ላይ ደግሞ ኳስ ተቀባዩ ኖርም ሼሪ ያለ የሌለ ኃይሉን እንዳይጠቀም፣ ረጋ ብሎ እንዲወረውር መከረው። ሰማው። ሰውነቱ ሲላላ ኳሷ የፈለገበት ቦታ ትገባለት ጀመር።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። በዮም ኪፑር አልጫወትም ያለው እሱ ነው?

አዎ፣ ቤተሰቦችህ አስተሰርዮ የሚሉት የአይሁድ የጾም ቀን ነው። ዎርልድ ሲሪስ የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ፍጻሜ ነው፣ 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስደዋል። የ1965ቱ የመጀመሪያው ጨዋታ በዚያ ቀን ዋለ። አይሁዳዊ ነውና አልወረወረም፣ ቡድኑም በሚኒሶታ ትዊንስ 8 ለ 2 ተሸነፈ። በመጨረሻ ነገሩ ወደ 7ኛው ጨዋታ ሄደ። ኩፋክስ 2 ቀን ብቻ አርፎ ገባ። የምትታጠፈዋ ኳሱ በዚያ ቀን እምቢ አለችው። ስለዚህ ቀጥታዋንና ፈጣኗን ብቻ እየወረወረ 9ኙንም ዙር ብቻውን ጨረሰ፣ 2 ለ 0። ለእኔ ከሠራው ሁሉ ይህን የሚያክል የለም።

ጥያቄ፦ ከፐርፌክት ጌሙም ይበልጣል?

ይበልጣል። ፐርፌክት ጌም ማለት 27 መቺ መጥቶ 27ቱም ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። ያንንም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 9 ቀን ቺካጎ ከብስ ላይ ሠርቶታል። ግን ያን ቀን ክንዱ እሺ ብሎታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ30 ዓመቱ ለምን አቆመ? ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ።

እንዲህ የሚሉት ክርኑን ስላላዩ ነው። አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ነበረበት። ከጨዋታ በኋላ ክንዱን በረዶ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ኮርቲሶን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይወጋል። ክንዱ አልዘረጋ ስላለ የኮቱን ግራ እጅጌ ያሳጥር ነበር። በዚህ ክንድ በ1966 27 ጨዋታ አሸነፈ። ደመወዙም 125 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፣ ለዚያ ዘመን ትልቅ ብር ነው። ያን ሁሉ ትቶ ወጣ። ቀሪ ዕድሜውን በጤናማ እጅ መኖር ፈለገ። ይህን ፍርሃት ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ከዚያስ?

በ1972 በ36 ዓመቱ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ፤ ከእሱ ባነሰ ዕድሜ የተመረጠ የለም። ኋላም ለዓመታት የዶጀርስን ወጣት ፒቸሮች አሠለጠነ።