የእግር መንገድ ለዊልቸር እንዲመች የግድ አስፋልት መልበስ አለበት?

በሕዝብ ደን ውስጥ የሚያልፍ የእግር መንገድ ለዊልቸር ተጠቃሚዎች እንዲመች አስፋልት ወይም ኮንክሪት የግድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቀዋል። አያስፈልገውም። በአሜሪካ የፌዴራል መሬቶች ላይ አዲስ ለሚሠሩ መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ የሚጠይቀው ወለሉ ጠንካራ፣ ሲረገጥም የማይሰምጥና የማይናድ እንዲሆን ነው፤ በሚገባ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ብዙ ጊዜ ይህን ያሟላል፣ የደኑንም መልክ አያበላሽም።

ከወለሉ ይልቅ ሰውን ከመንገድ የሚመልሰው ዳገቱ ነው። በዚሁ ደንብ መሠረት እስከ 5 በመቶ የሚደርስ (ማለትም በየ100 ሜትሩ እስከ 5 ሜትር ከፍ የሚል) ዳገት በርዝመት አይገደብም፤ ከዚያ በላይ እስከ 8.33 በመቶ የሆነው ግን ከ61 ሜትር ገደማ፣ እስከ 10 በመቶ የሚደርሰው ደግሞ ከ9 ሜትር ገደማ ሳያልፍ ማረፊያ ሊበጅለት ይገባል። ስፋቱም ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር ነው።

በእኔ እምነት በርካሽ ሊሠራ ሲችል የሚዘነጋው መረጃ ነው። በመነሻው ላይ የመንገዱን ርዝመት፣ የወለሉን ዓይነት፣ እጅግ የሚጠብበትን ስፋትና ከፍተኛውን ዳገት የሚገልጽ ሰሌዳ ቢቆም፣ «ቀላል» ከሚል ምልክት (ለማን ቀላል?) በተሻለ ጎብኚው አቅሙን አይቶ ራሱ እንዲወስን ያስችለዋል። የመኪና ማቆሚያውና መጸዳጃ ቤቱም ከመንገዱ ጋር ያለ ደረጃ መገናኘታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።