ጥያቄና መልስ፦ ቁጥሩ አልረጋ ያለ ፍሪጅ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፍሪጄ ስንት እንደሚበላ ላውቅ ብዬ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት በሚለካው መሣሪያ) ለካሁት፣ አንዴ 0.8 አምፔር ይላል አንዴ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲነሳማ ሽቅብ ይዘልና ሳላነበው ይመለሳል። የቱን ልያዝ? በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው) እና በባትሪ ላስነሳው አስቤ ነው።

መልስ፦ ወንድማችን፣ አንዱንም አትያዝ። እነዚህ ሁሉ የአንድ አፍታ ቁጥሮች ናቸው፣ ባትሪ ለመምረጥ የምትፈልገው ድምሩን ማለትም ኪሎዋት ሰዓቱን ነው።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ኤነርጂ ሜትር ካገኘህ ፍሪጁን በሱ በኩል ሰክተህ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከቻልክ ግን 7 ቀን ሙሉ አትንካው፣ ምክንያቱም የበሩ መከፈት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ትኩስ ድስት መግባቱ ሁሉ ሞተሩ የሚሠራበትን ጊዜ ይለውጠዋል፣ በረዶውን ራሱ በሄተር የሚያቀልጥ አይነት ከሆነ ደግሞ ያ ሄተር አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚበራ አጭር ልኬት ጨርሶ ያመልጠዋል። በ168 ሰዓት 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ እንበል፣ 8,400ን ለ168 ስታካፍል አማካዩ 50 ዋት፣ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

0.8 አምፔሩን በ220 አባዝተህ 176 ዋት እንዳትል በጣም እለምንሃለሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የወጣው ቮልት አምፔር ነው፣ ሞተር ደግሞ ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከቮልት አምፔሩ ውስጥ እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ፣ ከ1 ያንሳል፣ 0.6 ቢሆን እውነተኛው ወደ 106 ዋት ይወርዳል። ኤነርጂ ሜትሩ ግን ቮልቴጁንና ከረንቱን በአንድ ጊዜ እያየ ስለሚያባዛ ይሄ ችግር የለበትም።

መሣሪያው ከሌለህ የቤቱ ዲጂታል ቆጣሪም ይሆናል፣ ሌላውን ሁሉ ንቀልና የምትብለጨለጨውን ቀይ መብራት ቁጠር። ቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ምት የሚል ከተጻፈ እያንዳንዷ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ናት። ጥቂት ሰዓት ቪዲዮ ብትቀርጸው ይቀልሃል።

ኢንቨርተሩን ግን በ50 ዋት እንዳትገዛ! ሞተሩ ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ያም ከሰከንድ በታች ስለሆነ በየሰከንዱ ቁጥር የሚቀይር ስክሪን አያሳይህም። ክላምፕ ሜትርህ ኢንራሽ (የመነሻ ከረንት) የሚል በተን ካለው እሱን ተጭነህ ፍሪጁን አስነሳ፣ የምታገኘውን አምፔር ኢንቨርተሩ ላይ ከተጻፈው የሰርጅ አቅም (ለአፍታ ሊሸከመው ከሚችለው ጭነት) ጋር አስተያየው፣ አቅሙ በቮልት አምፔር ከተጻፈ አምፔሩን መጀመሪያ በ220 አባዛው።