ሻጩ የሰጣችሁ ሪፖርት የተሠራው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ከኪራይ ለመውጣት ድሮ የኬሚካል ማከማቻ የነበረ መጋዘን ልንገዛ ነው። ዲፖዚት ከፍለናል። ዋጋው ከአካባቢው በጣም ይረክሳል። ሻጩ “ፌዝ ዋን” የሚባለውን የአካባቢ ጥናት በነጻ ሰጥቶናል፤ ችግር የለም ይላል። ግቢውን ዞረን አይተናል፤ አስፋልቱ ላይ ካሉ ጥቂት ክብ የብረት ክዳኖች በቀር ምንም የለም። ምድር ቤቱን ለሕፃናት መማሪያ አስበነዋል። አፈሩ ወይም ውሃው ተበክሎ ቢገኝ ተጠያቂው ሻጩ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ሻጩ ሊጠየቅ ይችላል። እናንተም ትጠየቃላችሁ። ሰርክላ የሚባለው የ1980ው የፌዴራል የብክለት ጽዳት ሕግ “ማን አፈሰሰው?” ብሎ ብቻ አያቆምም፤ “አሁን ባለቤቱ ማነው?” ብሎም ይጠይቃል። የማጽጃው ወጪ በሙሉ በአንዱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሻጩ ድርጅቱን ዘግቶ ከሄደ ማን እንደሚቀር መገመት አያቅትም። የተከማቸው ቤንዚንና ናፍጣ ብቻ ከነበረ ጉዳዩ በዋናነት የስቴቱ የነዳጅ ሕግ ነው። እርስዎ ግን “ኬሚካል” ብለው አለፉት። ምን ኬሚካል? እስከ መቼ?

አሁን ወደ ሪፖርቱ። ደንበኞች ሁሌ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

ከ2002 ጀምሮ ሕጉ ለጥንቃቄ ገዢ መከላከያ ሰጥቷል። ብክለት እንዳለ አውቆ የገዛ እንኳ፣ አስቀድሞ ተገቢውን ምርመራ ካደረገና ከገዛ በኋላም የሚጠበቅበትን ከፈጸመ፣ ከተጠያቂነት ሊድን ይችላል። ምርመራው ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማለቅ አለበት። ከክሎዚንግ፣ ማለትም ንብረቱ በስማችሁ ከዞረ በኋላ፣ የሚመጣ ጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከግዢው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተሠራ መሆንም አለበት። ቃለ መጠይቁ፣ የመንግሥት መዝገብ ፍተሻው፣ የቦታ ጉብኝቱና የባለሙያው ማረጋገጫ ደግሞ ከ180 ቀን በላይ ካለፋቸው መታደስ አለባቸው። የናንተ ሪፖርት መቼ ተሠራ? ለማን? አልነገሩኝም። ለሻጩ ወይም ጥሎ ለሄደ ሌላ ገዢ የተሠራ ከሆነ፣ ባለሙያው ለናንተ ምንም ኃላፊነት አልገባም። የራሳችሁን ባለሙያ ቅጠሩ፤ ሪፖርቱም በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕጋዊ ስም ይጻፍ።

ዋጋው መርከሱን የጻፉልኝ እንደ ምሥራች ነው። ሕጉ ራሱ ግን ገዢው ዋጋውን ንጹሕ ቢሆን ከሚያወጣው ጋር እንዲያነጻጽር ይጠይቃል። “ለምን ረከሰ?” ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ነገ ዝምታችሁ ይጠቀስባችኋል።

ደግሞ ፌዝ ዋን መዝገብ ማገላበጥ፣ ሰው መጠየቅና ግቢ መዞር ነው። አንድ ጭልፋ አፈር አይወጣም፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ አይቀዳም። ቁፋሮው ያለው ፌዝ ቱ የሚባለው ቀጣዩ ጥናት ላይ ነው።

የክዳኖቹን ነገር እንደ ዋዛ ነው ያነሱት። የኔ ዓይን የቀረው እዚያ ላይ ነው። የፍሳሽ ክዳን ሊሆኑ ይችላሉ። ግን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ አፍ ናቸው፤ ከሥራቸው ቀጭን ቱቦ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ይወርዳል፣ ባለሙያ እየመጣ ናሙና ይቀዳበታል። ለጌጥ ተብሎ አይቆፈርም። ፎቶ አንሱ፣ የተጻፈባቸውን አንብቡ። ሪፖርቱ ስለነሱ ምንም ካላለ ሪፖርቱን አልወደውም። የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በአድራሻው የከፈተው ፋይል ካለም በሕዝብ መረጃ ሕጉ መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ።

ምድር ቤቱ ያሳስበኛል። እንደ ትራይክሎሮኤትሊን ያሉ የቅባት ማጽጃ ኬሚካሎች ከውሃ ይከብዳሉ። እንደ ቤንዚን አይንሳፈፉም፤ ወደ ታች ሰምጠው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ትነታቸው በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ቤት ውስጥ ይገባል። ልጆች የሚማሩበትን ወለል የአፈር ጋዝ ሳታስለኩ እንዴት ትወስናላችሁ? እዚህ ላይስ ልቆጣ።

ስቴቱ በፈቃድ የማጽዳት ፕሮግራም አለው፤ ገዢ የባለቤትነት ድርሻ ከመያዙ በፊት ካመለከተ የተሻለ ከለላ ያገኛል። ለናንተ ይሆን እንደሆነ ፋይሉን ያየ ጠበቃ ይንገራችሁ። እኔ ኮንትራታችሁን አላየሁም፤ ይህ መልስ የጠበቃን ቦታ አይተካም። ጠበቃ ወጪ ነው የሚል የጉባኤ አባል ካለ፣ የአንድ ፌዝ ቱ ዋጋ ጠይቆ ይምጣ፤ የጽዳቱን ደግሞ ከዚያ በኋላ።

ሌላው ያልነገሩኝ ነገር ቀን ነው። ዲፖዚቱ የሚመለስበት የጥናት ጊዜ መቼ ያበቃል? ኮንትራቱ ላይ “አዝ ኢዝ” (ከነጉድለቱ እንዳለ መግዛት) ወይም ሻጩን ከክስ ነጻ የሚያደርግ ቃል አለ? ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። ኮንትራቱን፣ ሪፖርቱን ከነአባሪዎቹና የክዳኖቹን ፎቶ ይዛችሁ የአካባቢ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። የቀረው ቀን ለቁፋሮው ካልበቃ ማራዘሚያ ጠይቁ፤ በስልክ ሳይሆን ሻጩ በፈረመበት ጽሑፍ።