ወንዶ ገነት ዞራችሁ ልትመለሱ ላሰባችሁት፦ ውሃውን ተከትላችሁ እንዳትወርዱ

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ያየሁት ዛሬ ማታ ነው፣ ትላንት ባየው ኖሮ ያኔውኑ እመልስልሽ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ስምንት ሆናችሁ እሁድ ከሐዋሳ ተነስታችሁ ወንዶ ገነት ከፍልውሃው ጀምራችሁ፣ በጫካው ተራራ ዞራችሁ እዛው ፍልውሃው ጋ ልትመለሱ ነው ሐሳባችሁ፣ የአስር ዓመት ልጅሽም አለ፣ ጋይድ ያስፈልጋል ወይስ ማፕ ይበቃል ነው ያልሽው። ብዙ ሰው "ቀላል ነው፣ መንገዱ ግልጽ ነው" ብሎ መልሶልሻል። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ አልስማማም። እዛ ጫካ ውስጥ አምስት ሆነን መሽቶብናል፣ ታናሽ ወንድሜ እስከዛሬ ብርድ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

1. ሰዓት። ከሐዋሳ 12 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ናት፣ እዛ ሚኒባስ ቀይራችሁ ወንዶ፣ ከዛ ባጃጅ። ለስምንት ሰው ግን ኮንትራት ይሻላል፣ የመመለሻውንም ዋጋ ጠዋት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ መጀመር አለባችሁ። ታቦርን እየወጣን ተለማምደናል ካላችሁ ጥሩ ነው ግን ታቦር ከተማ መሃል ያለ ጉብታ ነው፣ ሌላው የሐዋሳ ተራራ አላሙራም ቢሆን ጫካ ውስጥ አያስገባችሁም። የኛ ስልክ መጨረሻ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ነው ያለን፣ ሽቅቡ ደግሞ ከ500 ሜትር በላይ፣ ያውም እኛ የሄድነው ተሳስተን ነው።

2. ዝናብ። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ብዙ አያሳስብም። እኛ የሄድነው ሚያዝያ ነው፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ሐዋሳ ላይ ጠራ ማለት ግን ወንዶ ላይ ጠራ ማለት አይደለም፣ ያ ተራራ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ነው፣ ደመናው ከሰዓት በኋላ እሱ ላይ ነው የሚከመረው። እኛ ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ዘግይቶ፣ ቁርስ ሻሸመኔ እንብላ ተብሎ፣ መውጣት የጀመርነው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ቁርስ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

መውጣቱ ግን ደስ ይል ነበር፣ እሱን አልክድም። ከታች የሸንኮራ አገዳና የጫት ማሳ፣ እንሰት፣ ከዛ ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት፣ ከዛ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጨልምና የተፈጥሮ ጫካው ይጀምራል፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ሰሳ። ጉሬዛዎቹን የምታያቸው እዛ ነው። መጀመሪያ ዛፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የተሰቀለ ነው የሚመስልሽ፣ ከዛ ጨርቁ ሲነቃነቅ ጅራት መሆኑ ይገባሻል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ምግባችሁን አይነካም፣ ልጅሽ እንዳይፈራ። ጦጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፍልውሃው አካባቢ ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ አይቻልም፣ የጎረቤታችንን ልጅ ቦርሳ ዚፑን ከፍታ ነው ዳቦ ይዛባት የሄደችው።

3. አናቱ ላይ ስትደርሱ ወደ ኋላ እዩ። ጨለለቃ ረግረጉ ተዘርግቶ ይታያል፣ ከሱ ወዲያ ሐይቃችን። አባቴ ጨለለቃ እሱ ልጅ እያለ ሐይቅ እንደነበር ይነግረን ነበር፣ አሁን ሳርና ከብት ነው። ከዚህ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች፣ ወሻም በይው ወርቃም በይው ሌሎቹም፣ ሁሉም ጨለለቃ ገብተው ጥቁር ውሃ ሆነው ነው ሐዋሳ ሐይቅ የሚደርሱት። ይህን የምነግርሽ ለጂኦግራፊ አይደለም፣ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው ያለው።

8 ሰዓት ላይ አናቱ ላይ ሆነን ዝናቡ ጀመረ። ማፑን ስከፍት ኔትወርክ የለም፣ ቀድሜ ያወረድኩትም አረንጓዴ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ እኛ ሰማያዊ ነጥብ ሆነን አረንጓዴ መሃል ቁጭ። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ላይ ተመልሶ ሸንተረሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ታች የውሃ ድምፅ ወዳለበት ይወርዳል። ከመካከላችን አንዱ (እኔ ነኝ፣ ለምን እደብቃለሁ) "ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ፍልውሃውም ታች ነው፣ ውሃውን ከተከተልን እንዴት እንጠፋለን?" አልኩ። ሁሉም አመኑኝ፣ ምክንያቱም ትልቁ እኔ ነበርኩ።

ገና ልንወርድ ስንል እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ አንዲት እናት ከታች ሲመጡ አገኘናቸው። የሸክሙ ገመድ ደረታቸው ላይ ገብቶ ሰርስሯል፣ ላብና ዝናቡ አንድ ሆኗል። እኛን ሲያዩ ቆሙ፣ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ከዛ በአገጫቸው ወደ ላይ ወደ ሸንተረሩ አመለከቱ፣ ደግመው አመለከቱ። ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ የማውቀው የገበያ ሲዳምኛ ነው፣ "ስንት ነው" እና "ቀንሱ"። ገንዘብ የሚጠይቁ መሰለኝ፣ ሃያ ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉም። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ይሄ ነገር ከቁርጭምጭሚቱም ከገንዘቡም በላይ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወረድን። ቀይ አፈሩ ዝናብ ሲያገኘው ሳሙና ነው፣ ላዩ ላይ እርጥብ ቅጠል አለ፣ ስኒከር ምንም አይዝም። ለመያዝ እጅሽን ስትዘረጊ ሳማ ነው፣ አብራን የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ አብጦ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከወረድን በኋላ ወንዙ ድንጋይ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ ወደ ታች ወደቀ፣ ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ከፍታ ነው፣ ግራና ቀኙ ገደል። መመለስ አለብን። ወንድሜ ዞር ሲል አንድ ሥር ላይ እግሩ ገብቶ ተጠመዘዘ፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ እንጨት የተሰበረ ነበር የመሰለኝ። 11 ሰዓት ሆኗል። አራታችን እየተፈራረቅን ደግፈነው ወደ ላይ፣ ከዛ 12 ተኩል ላይ ጨለመ፣ የአንድ ስልክ መብራት ቀርቶናል፣ ጅብ እየጮኸ ነው። ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም ላለማልቀስ ነበር ዝም ያልኩት።

ጩኸታችንን የሰማ አንድ ገበሬ ባትሪ ይዞ መጥቶ ነው ያወጣን። ቤቱ አስገብቶ ባለቤቱ ትኩስ ዋሳ (የእንሰት ምግብ ነው) በወተት ሰጠችን፣ እሳት አጠገብ አስቀመጡን፣ የወንድሜን እግር በጨርቅ አሰረችለት። ብር ብንሰጥ አንቀበልም አሉ። ከጫካው ስንወጣ የወጣነው ፍልውሃው ጋ አልነበረም፣ ሌላ ሸለቆ ነው፣ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል። ገባሽ? ሁሉም ወንዝ የየራሱ ገደል አለው፣ ጎን ለጎን ነው የሚወርዱት፣ መሃላቸው ሸንተረር ነው። ውሃው መጨረሻው ሐዋሳ ሐይቅ መሆኑ እውነት ነው፣ አንቺን ግን የተነሳሽበት ቦታ አይመልስሽም። ሰው የሚሄድበት መንገድ ያለው ሸንተረሩ ላይ ነው፣ እንጨት ተሸካሚ እንኳን ውሃ ድረስ የሚወርደው ሊቀዳ ወይ ሊቆርጥ ነው እንጂ ሊሻገር አይደለም። ሴትየዋ የነገሩን ይሄንን ነበር።

ከዛ መኪና። ማታ 3 ሰዓት ላይ የተገኘው አንድ ሚኒባስ ሐዋሳ ለመድረስ 3,000 ብር አለን፣ የወንድሜን እግር እያየ። ከፈልን።

4. ወረቀት። በኅዳር ደግመን ለመሄድ ስንወስን በሥርዓት ይሁን ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ ከመሥሪያ ቤት አጽፌ ወሰድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ና። ነገ ስሄድ "ማህተሙ ክብ መሆን ነበረበት"። በሦስተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘሁት፣ ደብዳቤውን እንኳን ሳይቀበለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል "ተራራ ለመውጣት ደብዳቤ ምን ያደርግልሃል፣ ዝም ብለህ አትሄድም?" አለኝ። ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቼ! ባለጉዳይ ሰው አይደለም ወይ? ለማንኛውም አንቺ እንደኔ እንዳትንከራተቺ፣ ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ፣ ስትደርሱ የጫካ ጥበቃዎቹን ሰላም ብላችሁ ስንት እንደሆናችሁና በየት እንደምትሄዱ ንገሯቸው፣ የሚከፈል ካለ እዛው ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። ጥበቃዎቹ ከቢሮው ሰውዬ መቶ እጥፍ ሰው ናቸው።

5. ጋይድ። አዎ፣ ያዙ። ከአካባቢው የሆነ ልጅ ያዙ፣ ሲዳምኛም ኦሮምኛም የሚችል። ኅዳር ላይ የወሰደን ልጅ እዛው ተወልዶ ያደገ ነው፣ የዛፉን ስም ሁሉ ያውቃል፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ የደን ትምህርት ሲያስተምር የኖረው በዚህ ጫካ ውስጥ መሆኑን የነገረን እሱ ነው፣ ከ1970 ጀምሮ። ቀጥ ያለውን ዳገት ጠዋት ደረቅ እያለ አወጣን፣ ለመውረጃ ደግሞ ሰፊውንና ቀስ እያለ የሚወርደውን መንገድ። እኛ ሚያዝያ ላይ የሄድነው ተገላቢጦሹን ነበር፣ ለስላሳውን ወጥተን ገደሉን ለመውረድ። ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው አቅጣጫው ነው ሁሉ ነገር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት፣ አንድም ቦታ አላዘልኳትም፣ እንዲያውም ከፊት ከፊት እየሄደች ጉሬዛ ትቆጥር ነበር፣ አሥራ ሰባት ደርሳለች። 9 ሰዓት ላይ ፍልውሃው ጋ ነበርን፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ከትተን፣ አጠገባችን ሴቶች ድንች በፌስታል አስረው በሚፈላው ምንጭ ሲቀቅሉ።

የተሳሳትንበትን መገንጠያ አሳየኝ አልኩት ልጁን። አቆመን። እኛ ዝናብ ውስጥ ቆመን ከተከራከርንበት ቦታ ትክክለኛው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ጀርባ ነው የሚዞረው፣ እናትየው በአገጫቸው ያሳዩን ያንን ዝግባ ነው። ወንድሜ ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ብዙ ሰዓት አልተነሳም።

የምትይዙት፦ ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማ፣ ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ፋሻ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ የእጅ ባትሪ (ቀን ነው ብላችሁ እንዳትተዉት)፣ ፓወር ባንክ፣ ለልጅሽ ሙሉ ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ በሳማው ምክንያት። ሙዚቃ በስፒከር አትክፈቱ፣ ጉሬዛዎቹ ይሸሻሉ፣ የሰው ጓሮም ነው።

ጋይድ የሆነንን ልጅ ስልክ በውስጥ እልክልሻለሁ፣ ከኔ እንዳገኘሽው ንገሪው። ቅዳሜ ማታ ደውዪለትና እዛ ዘንቦ እንደሆነ ጠይቂው፣ ከዘነበ ስምንታችሁም ወደ ሚቀጥለው እሁድ አስተላልፉት።