ሦስት ደንበኛ፣ አንድ ስክሪን

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። ጠዋት ሰው ሲበዛ አንዱ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ አንዷ በቴሌግራም የላከችው ፋይል እንዲታተምላት ትጠብቃለች፣ ሌላው ኦንላይን መዝግቢኝ ይላል። ከሰዓት ደግሞ በፎቶሾፕ የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። በዚህ መሀል አሥራ ምናምን መስኮት ይከፈትና አልት ታብ ስጫን የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋኛል። የአንዱን ሲቪ ለሌላው ላትም ስል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ቨርቿል ዴስክቶፕ ሞክሪ ብለውኝ ብሞክር ጭራሽ ሥራዬ ሁሉ የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዊንዶውስ 11 ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ምንም አልጠፋም። ቨርቿል ዴስክቶፕ ፋይል አይነካም፣ የተከፈቱትን መስኮቶች በአንዱ ስክሪን ላይ ወደ ተለያዩ የሥራ ገጾች ብቻ ነው የሚከፋፍለው። አዲስና ባዶ ዴስክቶፕ ውስጥ ገብተሽ ነው እንጂ ሥራሽ ከጎን ነበር። የኮንትሮልና የዊንዶውስ ቁልፎችን አንድ ላይ ይዘሽ የግራውን ቀስት ስትጫኚ ትመለሻለሽ፣ የቀኙ ደግሞ ወደፊት ይወስድሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አልት ታብ፣ ማለትም ከመስኮት ወደ መስኮት የምትዘዪበት የአልትና የታብ ቁልፍ፣ መስኮቶቹን የሚደረድረው በቅርብ ጊዜ በነካሻቸው ቅደም ተከተል ነው። ማመልከቻውና የተስካነው መታወቂያ ላይ ብቻ እየተመላለስሽ ከሆነ ከእሱ የሚፈጥን የለም፣ አንዴ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ግን አንድ ሰው መሀል ገብቶ «እስቲ ቴሌግራምሽን እይው» ሲልሽ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል፣ ቅድም ሁለተኛ የነበረው አራተኛ ይሆናል፣ እጅሽ ግን የለመደውን ስለሚጫን የሌላ ሰው ሲቪ ላይ ታርፊያለሽ።

ይሄ ነገር የተጠናው ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሄንደርሰንና ካርድ የተባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች «ሩምስ» (ክፍሎች) የሚባል ሥርዓት አቅርበው ነበር። ሰው አንድ ሥራ ሲሠራ ጥቂት መስኮቶችን ነው ደጋግሞ የሚነካው፤ ሥራ ሲቀይር ደግሞ ሌሎች ጥቂቶችን። ስለዚህ ለየሥራው የየራሱ ክፍል እንስጠው አሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ወርድን ለብቻ፣ ብራውዘርን ለብቻ፣ ፎቶሾፕን ለብቻ ያስቀምጣል። እንዲህ ከሆነ አንድ ማመልከቻ ለመጨረስ ሦስት ዴስክቶፕ ስትዞሪ ልትውዪ ነው! በሥራ ነው መከፋፈል ያለብሽ።

ላንቺ ሦስት ይበቃሻል፤ ጽሕፈት፣ ምዝገባ፣ ካርድ። አራተኛ ስትከፍቺ የት ምን እንዳለ መርሳት ትጀምሪያለሽ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ታብን ስትጫኚ ዴስክቶፖቹ ከታች ተደርድረው ይመጣሉ። እዚያው አዲስ ጨምሪ። በቀኝ ክሊክ ስም አውጪላቸው፣ በአማርኛም ይጻፋል፣ ለየአንዳንዳቸውም የተለየ የጀርባ ምስል ምረጪ። መስኮቱ ስክሪኑን ከሞላው ምስሉ ስለማይታይ ብዙ አትመኪበት፣ ባዶ ሲሆን ግን የት እንዳለሽ ወዲያው ይነግርሻል።

ቴሌግራም የሁሉም ደንበኛ መግቢያ በር ስለሆነ አንድ ቦታ አትቆልፊው። ዊንዶውስና ታብ በሚያመጡልሽ ገጽ ላይ የቴሌግራሙን መስኮት ቀኝ ክሊክ አድርገሽ በሁሉም ዴስክቶፖች ላይ እንዲታይ የሚለውን ምረጪ። የሩምስ ሰዎችም ይሄን አስበውት ነበር፤ በየክፍሉ አብረው የሚሄዱትን መስኮቶች «ኪስ» ነበር ያሏቸው።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ መልቲታስኪንግ ግቢ። አልት ታብ ያለሽበትን ዴስክቶፕ መስኮቶች ብቻ እንዲያሳይ መመረጡን እይ፣ ታስክባሩም (ከስክሪኑ ሥር ምልክቶቹ የተደረደሩበት መስመር) እንደዚያው። እዚያው ገጽ ላይ የኤጅ ብራውዘር ታቦች (በብራውዘሩ ውስጥ የተከፈቱት ገጾች) አልት ታብ ውስጥ እንዳይገቡ አጥፊ። ይቺን ሳያጠፉ ስንቱ ነው ኮምፒዩተሩን የሚራገመው!

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን ይጠብቅሻል። ካርድ ላይ ሆነሽ ሊንክ ስትነኪ ብራውዘሩ ምዝገባ ላይ ክፍት ከሆነ ጎትቶ እዚያ ሊወስድሽ ይችላል። መፍትሔው ሺፍት ይዘሽ ታስክባሩ ላይ ያለውን የብራውዘር ምልክት መንካት ነው፣ ባለሽበት አዲስ መስኮት ይከፍትልሻል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ማመልከቻውን በአማርኛ እየጻፍሽ ወደ ብራውዘር ሄደሽ ኢሜይል አድራሻ ልታስገቢ ስትይ «አበበ» ዓይነት ፊደል ይመጣብሻል አይደል? ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ውስጥ ለየመስኮቱ የተለያየ ኪቦርድ ልጠቀም የሚል ምርጫ አለ። ምልክት አድርጊበት። ወርድ አማርኛውን፣ ብራውዘሩ እንግሊዝኛውን ይዞ ይቆይልሻል። ይሄ የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ለምትጠቀሚ ነው፤ ለብቻው የተጫነ የግእዝ መጻፊያ ካለሽ የእሱን ሴቲንግ ተመልከቺ።

መብራት ሲሄድስ? ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ የዴስክቶፖቹ ስም ይቆያል፣ መስኮቶቹ ግን ወደየቦታቸው አይመለሱም፣ እንደገና መክፈት ነው። ሥራሽን ሴቭ ለማድረግ ኮንትሮል ኤስ መጫን አትርሺ። ደግሞም ዴስክቶፕ መቀየር ምሥጢር መጠበቅ አይደለም፣ አንድ ቀስት ነው የሚለየው። ወረቀት ልታመጪ ስትነሺ ዊንዶውስና ኤል ተጫኚና ቆልፊው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው፣ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ዴስክቶፕ ብከፋፍል ይፈጥንልኛል?

መልስ፦ መምህር፣ አይፈጥንም። የማይታየው ፕሮግራም ሁሉ ራም (ክፍት ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ጊዜያዊ ማህደር) ይዞ ይቆያል። የማያስፈልገውን ይዝጉ፣ አኒሜሽኑን ከአክሰሲቢሊቲ ሴቲንግ ያጥፉ፣ መቀያየሩ ቢያንስ ከመንቀርፈፍ ይድናል። ውጤት ሲሞሉ ደግሞ ባይቀያይሩም ይሻላል፤ ስም ዝርዝሩን ዊንዶውስና የግራ ቀስት፣ ኤክሴሉን ዊንዶውስና የቀኝ ቀስት ተጭነው ጎን ለጎን ያቁሟቸው።

ጥያቄ፦ ሸዋሮቢት ነኝ፣ ተማሪ። አምስት የወርድ ፋይል ከፍቼ በእነሱ መሀል ብቻ መመላለስ ብፈልግስ?

መልስ፦ ኮንትሮልን ይዘህ ታስክባሩ ላይ ያለውን የወርድ ምልክት ደጋግመህ ንካ፣ በየተራ ይመጡልሃል። ማውስ ከሌለህ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘህ የምልክቱን ተራ ቁጥር ተጫን፤ ወርድ ታስክባሩ ላይ ሦስተኛ ከሆነ 3ን። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሥርዓት የሚጠቀም ጓደኛ ካለህ የእሱ ይቀላል፣ አልትን ይዞ ከታብ በላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።