«ስንት ክላስ ልያዝ?» እና ሌሎች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥያቄዎች

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ እየሠራሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማርኩ፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ ጨረስኩ። አሁን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ አስጠናለሁ። ሰው ቡና ላይም፣ ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ሲያገኘኝ ስለ ኮሌጅ ይጠይቀኛል። ሰሞኑን «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበርና እነሆ መልሱ። የማንንም ስም አላወጣሁም። የምናገረው በተለይ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ነው፤ ሌላ ግዛት ያላችሁ የክፍያውን ጉዳይ እዚያው አጣሩ።

ጥያቄ፦ ኡበር እነዳለሁ፤ በሳምንት 55 ሰዓት ገደማ። በመጪው ሴሚስተር አራት ክላስ ይዤ በሁለት ዓመት ልገላገል ብያለሁ። ይቻላል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ማጥናት ነው። አራት ክላስ 12 ክሬዲት ነው፤ ስለዚህ 36 ሰዓት። ከ55ቱ ጋር 91 ሆነ። ሳምንት ያለው 168 ሰዓት ብቻ ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኛ 49 ሄደ። የቀረህ 28፣ ማለትም በቀን አራት ሰዓት። በሱ ትበላለህ፣ ትታጠባለህ፣ ኮሌጅ ደርሰህ ትመለሳለህ፣ አገር ቤት ትደውላለህ።

ሌላም አለ። 12 ክሬዲት «ፉል ታይም» ይባላል እንጂ በሁለት ዓመት አያስጨርስም። አሶሼት ዲግሪ፣ ማለትም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመቱ ዲግሪ፣ 60 ክሬዲት ገደማ ነው። በአራት ሴሚስተር ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 መያዝ አለብህ። በ12 አምስት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ያውም አንድም ሳትወድቅ። ይሄን ሳያውቅ የገባ ብዙ ሰው አለ።

ሁለት ክላስ ያዝ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀለል ያለ። እኔ ጋ የሚመጡት ኤፎች አብዛኞቹ የእንቅልፍ እጦት ናቸው፤ የጭንቅላትም የእንግሊዝኛም አይደሉም። ጠዋት ኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ መስታወቱ በትንፋሽ የደበዘዘ መኪና ካየሁ ውስጡ ማን እንዳለ እገምታለሁ። የሌሊት ሺፍት ጨርሶ የመጣ የኛ ልጅ ነው። ስልኩ ደረቱ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማም፤ ክላሱ ተጀምሯል።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው። «ፋፍሳ ሙላ፣ ነፃ ገንዘብ ነው» ይሉኛል። በኋላ ዕዳ ሆኖ ቢመጣብኝስ?

ግሪን ካርድ ካለህ ትችላለህ። ጥገኝነት የተፈቀደለትም ይችላል። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። በሱ ከምታገኘው ውስጥ ፔል ግራንት የሚባለው አይመለስም፤ ሎን የሚባለው ይመለሳል። ኮሌጁ ሁለቱን በአንድ ገጽ ሊያቀርብልህ ስለሚችል ከመቀበልህ በፊት የትኛው የትኛው እንደሆነ እይ። የፔል ከፍተኛው መጠን ለ2025-26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው። ሁሉም ሰው ይሄን አያገኝም፤ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይለያያል። ክላስ ሲቀንስም አብሮ ይቀንሳል።

አሁን ሁለት ወጥመድ ልንገርህ።

አንደኛው ዲግሪ ነው። ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘህ ከመጣህ ፔል አይሰጥህም። የውጭ ዲግሪም ዲግሪ ነው። «ዲግሪ የለኝም ብለህ ሙላ፣ ማን ያውቃል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የምትፈርመው የፌዴራል ቅጽ ላይ ነው፤ ደግሞም ነገ ያንኑ ዲግሪ አስገምግመህ ሥራ ልትፈልግበት ነው። ተወው።

ሁለተኛው እኔን የበላኝ ነው። አንድ ሴሚስተር ሥራ በዛብኝና ክላስ መሄድ አቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ኮሌጁ ካልሄድኩ በራሱ የሚሰርዘኝ መስሎኝ ነበር። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ትተህ ከወጣህ ካልተማርክበት ጊዜ ያለው ገንዘብ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁ ይመልስና ሒሳቡን ላንተ ይልካል። ፖስታው ሲመጣ ማስታወቂያ መስሎኝ ሳልከፍት ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ወር ቆየ። ዕዳውን ከፍዬ እስክጨርስ መመዝገብ አልቻልኩም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋ። ስለዚህ መተው ካለብህ ከመተውህ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂድ። ከዚያ በኋላ አይደለም።

ለመሙላት የሚያስከፍል ሰው ካጋጠመህ ደግሞ ተመለስ። የፋፍሳ የመጀመሪያዋ ፊደል በእንግሊዝኛ «ነፃ» ለሚለው ቃል የቆመች ናት።

ጥያቄ፦ አካውንቲንግ አገር ቤት ጨርሼ አምስት ዓመት ባንክ ሠርቻለሁ። እዚህ ከዜሮ ልጀምር ነው?

አይደለም። ትራንስክሪፕትህን እንደ ደብሊውኢኤስ ባሉ ገምጋሚ ድርጅቶች አስገምግም። ግን የሚፈልጉት አንተ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ኮፒ አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ የተላከውን ነው። እህት ወይም ወንድም ውክልና ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሰው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ሆኖ ቪዛ የሚጠብቅ ዘመድ ያላችሁ ንገሩት፤ ይሄን ሳይጨርስ አውሮፕላን አይሳፈር።

ሲፒኤ፣ ማለትም የተፈቀደለት የሒሳብ ባለሙያ መሆን፣ የምታስብ ከሆነ የጎደሉህን ኮርሶች ብቻ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ሊበቃህ ይችላል። የትኞቹን እንደሚቀበሉ ግን የግዛትህን ቦርድ ሳትጠይቅ አትመዝገብ።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ሆም በሲኤንኤ (በረዳት ነርስነት) እሠራለሁ። አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) መሆን እፈልጋለሁ። ሁሉም የተለየ ነገር ይነግረኛል። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከመጣልኝ ጥያቄ ግማሹ ይሄ ነው ማለት እችላለሁ።

ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ መግባት ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ኮሌጁ ማንንም ያስገባል። የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን መርጦ ነው የሚወስደው፤ የሚመርጠውም አስቀድመሽ በወሰድሻቸው ኮርሶች ውጤት ነው። ብዙ ቦታ መግቢያ ፈተናም አለ፤ ቲስ ይባላል። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግን የሚያስተምረው ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ ነው፤ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ የሕክምና ትምህርት ካምፓስ አለው። የሁለቱ ዝርዝር አንድ ዓይነት አይደለም። የጓደኛሽን ዝርዝር ይዘሽ አትመዝገቢ።

ቀድሞ የሚመጣው እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡና ባዮሎጂው ነው። ከዚያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ማይክሮባዮሎጂ። ሰው የሚሰናከለው አናቶሚ አንድ ላይ ነው። አራት ክሬዲት፣ ላብራቶሪ ያለው፣ 206 አጥንት ከነእብጠቱ ከነቀዳዳው። እባክሽ ይሄን ኮርስ ከሌላ ከባድ ኮርስ ጋር አትያዢው። ብቻውን ብትይዢውም ማንም አይስቅብሽም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። አጥንቶቹ አልያዝ አሏት። አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ፕላስቲኩን አጽም ትክ ብላ አየችና «ይሄማ ፍሪምባ ነው!» አለች። ስተርነም ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ በግ እንደምትገነጥል ሆነች። ቲቢያ ቅልጥም፣ ሪብ ጎድን። ካርዶቿን በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፣ በሌላ በኩል በአማርኛ ጽፋ ሥራ ቦታ ሎከሯ ውስጥ ለጠፈች። ዩኒፎርም በቀየረች ቁጥር አምስት አምስት ታያለች። ኮርሱን በቢ አለፈች። በልጅነት ማዕድ ቤት የተማርሽው ዕውቀት አለ፤ አትጣይው።

«ሁለት ዓመት» ሲሉሽ ደግሞ ፕሮግራሙን ብቻ ነው። ቅድመ ኮርሶቹ ሲጨመሩ እየሠራሽ አራት ዓመት ቢሆን አትደንግጪ። ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባሽ በኋላ የሆስፒታል ልምምድ አለ፤ ጠዋት በጨለማ ይጀምራል፤ ሰዓቱን የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም። ያኔ ፉል ታይም መሥራት አስቸጋሪ ነው። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ማስቀመጥ ጀምሪ፤ እቁብም ቢሆን።

የአሶሼት ነርስም የባችለር ነርስም መጨረሻ ላይ የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ አርኤን። ፈቃዱም አንድ ነው። ባችለሩን እየሠራሽ በኋላ መጨረስ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ፕሌስመንት ቴስት (የደረጃ መመደቢያ ፈተና) ወድቄ ኢኤስኤል፣ የውጭ አገር ሰው እንግሊዝኛ የሚማርበት ክፍል፣ አስገቡኝ። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ያሳፍራል።

ፕሌስመንት ቴስት አይወደቅም፤ የት እንደምትቀመጥ ብቻ ነው የሚናገረው። ስሜቱ ግን ይገባኛል። የልጅህ እኩያ «ስምህን ተናገር» ሲልህ ያማል። ቢሆንም ዘልለው እንግሊዝኛ 101 የገቡትን አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ድርሰት እኔ ቢሮ ናቸው። ገንዘብ ካስጨነቀህ ካውንቲዎችና ቤተ መጻሕፍት የሚሰጡት ነፃ የእንግሊዝኛ ክፍል አለ። አንድ ወቅት እዚያ ተምረህ ፈተናውን ድገመው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ። ክፍያውን የምከፍለው እኔ፣ ውጤቱን ግን ኮሌጁ አልነግርህም አለኝ። ሰውም «ዩኒቨርሲቲ አልገባም እንዴ?» እያለ ያሸማቅቀኛል።

ጋሼ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ።

የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ፈርፓ ይባላል፣ በ1974 የወጣ። ልጁ ኮሌጅ ከገባ የመዝገቡ ባለቤት እሱ ነው፤ ማን ይከፍላል የሚለው አይቀይረውም። ኮሌጁ ልጁ የፈረመበት ፈቃድ ካለ ግን ያሳይዎታል። ስለዚህ ኮሌጁን ትተው ልጁን ይያዙት። ብቻ በቁጣ አይሁን። ቁጣ ሲበዛ የሚፈርም ልጅ አላየሁም።

ሁለተኛው፣ የሚያሸማቅቅዎትን ሰው ልጁ የት እንደሚማር ሳይሆን በስንት ብር ዕዳ እንደሚማር ይጠይቁት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከመነሻው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ቤት አጠገብ ለማስተማር የመጣ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ተከፈተ። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጁ የተወሰነውን ነጥብ ይዞ ከጨረሰ እንደ ጆርጅ ሜሰንና ቨርጂኒያ ቴክ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለመቀበል የገቡት ስምምነት አለ። ነጥቡ እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ሊጨርስ ሲል ሳይሆን፣ አድቫይዘር ያግኝ። ዩኒቨርሲቲው በመጨረሻ የሚሰጠው ዲፕሎማ ላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚል ነገር አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ፕሮፌሰሬ በኢሜይል «ኦፊስ አወር ላይ ና» አለኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም! ይሄን ስንት ሰው ጠየቀኝ። እኛ ቢሮ መጠራት ማለት ዩኒት ሊደር ጋ ወላጅ ይዞ መቅረብ ነው የሚመስለን። እዚህ ኦፊስ አወር የከፈልክበት አገልግሎት ነው። ፕሮፌሰሩ በሩን ከፍቶ ተማሪ እየጠበቀ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይመጣም። ያልገባህን አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፈህ ግባ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ 200 ዶላር? ያለ መጽሐፍ አይቻልም?

ሲላበሱን፣ ፕሮፌሰሩ የሚሰጠውን የኮርሱን ዕቅድ፣ ሳታይ አትግዢ። አንዳንዱ ኮርስ መጽሐፉ ነፃ ነው፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ «ዚ ኮርስ» ይላቸዋል፤ ስትመዘገቢ ፈልጊያቸው። ቤተ መጻሕፍቱም ጋ ለጥቂት ሰዓት የሚያውሱት ኮፒ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። መማር እችላለሁ?

መመዝገብ ትችያለሽ። ፋፍሳ ግን እስኪፈቀድልሽ ድረስ የለም። ዋናው ጥያቄ የክፍያው ዓይነት ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላው የሜሪላንድ ነዋሪና ከግዛቱ ውጭ ለሚመጣ የተለያየ ዋጋ አለው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ቨርጂኒያም የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ሬዚደንሲ (ነዋሪነት) የሚያጣራውን ቢሮ አነጋግሪ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «አይሆንም» ካለሽ ከሱ በላይ ያለውን ጠይቂ። በክፍፍል የሚከፈልበት አሠራርም አለ።

ጥያቄ፦ የቤት ሥራውን ከጓደኛዬ ጋር ተረዳድተን አንድ ዓይነት አስገባን። ዜሮ ተሰጠን። ፍትሕ ነው?

እዚህ አገር አዎ። አብራችሁ ተወያዩ፣ ለየብቻ ጻፉ።

ጥያቄ፦ እኔ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፣ የኡበሩ። ምክርህን ሰምቼ ሁለት ክላስ ያዝኩ። አንድ ሳምንት ሆነኝ፤ በጣም ቀለለኝ። ሦስተኛ ልጨምር?

አይ። ሚድተርም ይለፍና ደውልልኝ።